የተደፈነው ክፍተት



ዛሬ የማወጋችሁ ስለ አንድ የዋንዛ ሣጥን ነው። ሣጥኑ ለሕፃናት ቁርኣን ማስቀመጫ የታዘዘ ነበር፤ የሠራሁትም እኔ ነኝ። ጊዜው በጎንደር ከተማ፣ አዲስ ዓለም በሚባለው ሰፈር፣ ከአንድ አዛውንት አናጢ ዘንድ ሙያ እማር የነበረበት ዘመን ነው። «የአናጢ ወሬ ለእኛ ምን ይፈይዳል?» የምትሉ ትኖሩ ይሆናል። ትንሽ ታገሡኝ። የሰው ዲን በሶላት ሰዓት እንደሚፈተን ሁሉ በሥራ ሰዓትም ይፈተናል። የእኔ ፈተና የመጣው በአንድ መሮ በኩል ነበር፤ በፈተናውም ወድቄአለሁ።

እስቲ አስቀድሜ ስለ መጋጠሚያው ላስረዳችሁ። ቤታችሁ የቆየ ሣጥን ወይም ባለ መሳቢያ ጠረጴዛ ካለ ማዕዘኑን ቀረብ ብላችሁ ተመልከቱ። ሁለቱ ጣውላዎች በምስማር ብቻ የተያያዙ ከሆነ፣ ዓመታት ሲያልፉ ምስማሩ ይዝጋል፤ ቀዳዳው ይሰፋል፤ ማዕዘኑም ይነቃነቃል። በጥንቃቄ የተሠራ ከሆነ ግን የአንደኛው ጣውላ ጫፍ እንደ ጥርስ ተፈልፍሎ በሌላኛው ጥርሶች መካከል ገብቶ ታገኙታላችሁ። ጥርሱ ከሥሩ ጠበብ፣ ከጫፉ ሰፋ ያለ ነው። የተዘረጋ የወፍ ጅራት ስለሚመስል ፈረንጆቹ የርግብ ጭራ ይሉታል። እኛ ሠራተኞቹ በደፈናው «ጥርስ» እንለው ነበር። በጥንታዊ ግብፅ መቃብሮች ውስጥ ከተገኙት የእንጨት ዕቃዎች መካከል በዚሁ መንገድ የተጋጠሙ አሉ። ዘዴው በሺዎች የሚቆጠሩ ዓመታት ዕድሜ አለው ማለት ነው።

የመጋጠሚያው ጥበብ ምንድን ነው? ምስማር እንጨቱን የሚይዘው ጠብቆ ስለገባ ብቻ ነው። ጥርስ ግን በቅርጹ ይይዛል። ጫፉ ከሥሩ ስለሚሰፋ ወደ ፊት ቢጎትቱት አይወጣም፤ የሚወጣው በገባበት አቅጣጫ ብቻ ነው። ሌላም ምክንያት አለ። እንጨት ከተቆረጠ በኋላም አያርፍም። ከሰኔ እስከ መስከረም ያለው የጎንደር ክረምት በእርጥበቱ ያሳብጠዋል፤ የበጋው ፀሐይና ነፋስ መልሶ ያኮማትረዋል። የሚያብጠውና የሚኮማተረው በስፋቱ ሲሆን በርዝመቱ እምብዛም አይለወጥም። በማዕዘን የተገናኙት ሁለቱ ጣውላዎችም አብረው ያብጣሉ፤ አብረው ይኮማተራሉ። ስለዚህ ጥርስ ለጥርስ በትክክል ከገጠመ ወቅት ቢፈራረቅ አይላቀቅም። በመካከላቸው የተጠቀጠቀ ባዕድ ነገር ግን አብሯቸው አይንቀሳቀስም፤ ይሰነጠቃል፤ ይረግፋል። ይህችን ነገር ያዙልኝ፤ ኋላ እመለስባታለሁ።

አባባ (አስተማሪዬን ሁላችንም የምንጠራቸው እንዲህ ነበር) መጋጠሚያውን ሊያስተምሩኝ ሲነሱ የሁለት እጃቸውን ጣቶች አጠላልፈው አሳዩኝ። የሚያስታውሱኝ ቡኻሪና ሙስሊም ከአቡ ሙሳ አል-አሽዐሪ (ረ.ዐ.) የዘገቡትን ሐዲስ ነበር። ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ሙእሚን ለሙእሚን ያለውን ድጋፍ ክፍሎቹ እርስ በርሳቸው በሚደጋገፉ ሕንጻ ከመሰሉ በኋላ ጣቶቻቸውን አጠላልፈው ነበር። አባባም ጣቶቻቸውን እንዳጠላለፉ «በዚህ መሐል ብርሃን ይታይሃል?» አሉኝ። «አይታየኝም» አልኳቸው። «እንጨቱም እንደዚሁ ይሁን» አሉኝ።

የእንጨት ሥራ በኢስላም ታሪክ ክብር ያለው ሙያ ነው። ነቢዩ ዘከሪያ (ዐ.ሰ.) አናጢ እንደነበሩ ኢማም ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ ተነግሯል። የአላህ መልእክተኛ (ሰ.ዐ.ወ.) በመዲና ኹጥባ ያደርጉበት የነበረው ሚንበርም የአንዲት የአንሷር ሴት አገልጋይ በነበረ አናጢ እጅ የተሠራ ነው። ኑሩዲን ዘንጊ ለመስጂደል አቅሷ በሐለብ ያሠሩትን ሚንበር ደግሞ አስቡ። ሚንበሩ የታዘዘው ቁድስ ገና በመስቀል ጦረኞች እጅ ሳለች ነበር። ሰላሑዲን በ1187 (እ.ኤ.አ.) ከተማይቱን ነጻ ካወጡ በኋላ ወደ ቦታው ተወሰደ። በ1969 (እ.ኤ.አ.) አንድ አውስትራሊያዊ መስጂዱን በእሳት ሲያጋየው ሚንበሩም ነደደ። በ2007 (እ.ኤ.አ.) በቦታው የቆመው አዲሱ ሚንበር በዮርዳኖስ የተሠራ ሲሆን፣ በሺዎች የሚቆጠሩ ቁራጭ እንጨቶቹ ያለ ምስማርና ያለ ኮላ እርስ በርስ ተጣልፈው የተያያዙ ናቸው። ዐረቦቹ ይህን አሠራር «ተዕሺቅ» ይሉታል፤ ቃሉ ፍቅር ከሚለው ሥር የወጣ ነው።

በአገራችን ግን የእጅ ሙያ ለረጅም ዘመን ሲናቅ ኖሯል። የጎንደር ሙስሊሞች ታሪክም ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው። አፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ በ1668 (እ.ኤ.አ.) ባስጠሩት ጉባኤ ሙስሊሞች ከክርስቲያኖች ተለይተው እንዲሰፍሩ ተወሰነ። ርስት የተነፈጋቸው አባቶቻችን በንግድ፣ በሽመናና በእጅ ሥራ ኖሩ። የገጠር መሬት ለሁሉም የሆነው በ1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ነው። መሬት የሌለው ሰው ንብረቱ እጁና ስሙ ናቸው። «የእገሌ ሥራ ነው» ከተባለ ገዢው ዕቃውን ገልብጦ ሳያይ ይወስዳል። አባባ እንዲህ ያለ ስም ነበራቸው።

መሮአቸውም የራሱ ታሪክ ነበረው። ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው ወለቃ ይኖር የነበረ ቤተ እስራኤላዊ ቀጥቃጭ ከአሮጌ የመኪና ባሌስትራ የሠራላቸው ነው። ቀጥቃጩ በ1991 (እ.ኤ.አ.) ወደ እስራኤል ከሄዱት አንዱ ሆነ። አባባ መሮውን በሳሉ ቁጥር «ሰውዬው የለም፤ እጁ ግን እዚህ አለ» ይሉ ነበር።

ታዲያ ጥርሱ እንዴት ይቆረጣል? የጣውላው ጫፍ በስኳድራ ይስተካከላል። የሌላኛው ጣውላ ውፍረት በላዩ ይለካና በቢላዋ ጫፍ ይሰመራል፤ እርሳስ ወፍራም መስመር ስለሚተው አባባ አይፈቅዱትም ነበር። የጥርሱ ዝንባሌ ለለስላሳ እንጨት ከስድስት አንድ፣ ለጠንካራ እንጨት ከስምንት አንድ ያህል ነው። ዝንባሌው ከበዛ የጥርሱ ጠርዝ ይሰበራል፤ ካነሰ አጥብቆ አይዝም። መጋዙ በሚጣለው እንጨት በኩል መስመሩን ሳይነካ ይወርዳል። ከዚህ በኋላ ሥራው የመሮ ነው።

መሮ አንድ ለጥ ያለ ጀርባና ስለቱ የወጣበት አንድ ዘንበል ያለ ፊት አለው። ጀማሪ ሠራተኛ ስለቱን በቀጥታ መስመሩ ላይ ያሳርፍና በኃይል ይመታዋል። መሮ ሽብልቅ ስለሆነ ሲገባ ወደ ኋላው ይገፋና መስመሩን አልፎ ይበላል። ስለዚህ ከመስመሩ ጥቂት ራቅ ተብሎ ይጀመራል። በወይራው መዶሻ ቁልቁል መታ፣ ከዚያ ከፊት ገባ አድርጎ ቀጭን ፍልጥ ማንሳት፤ እንደገና መታ፣ እንደገና ማንሳት። ግማሹ ሲደርስ ጣውላው ይገለበጥና ከወዲያኛው ፊት ይጀመራል። ከአንድ ወገን ብቻ ወርዶ የሚያልፍ መሮ በወዲያ በኩል ሲወጣ እንጨቱን ይልጠዋልና። መሐሉ ሁሉ ተነሥቶ ካለቀ በኋላ ብቻ መሮው ጀርባውን ለመስመሩ ሰጥቶ መስመሩ ላይ ያርፋል። ያኔ የሚወጣው እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ ነው። ሁለተኛው ጣውላ የሚሰመረው የመጀመሪያውን በላዩ አስቀምጦ ነው፤ በሜትር አይለካም። ስለዚህ እያንዳንዱ ጥርስ የሚገጥመው ከተሠራለት ወንድሙ ጋር ብቻ ነው።

ይህ ሁሉ የሚሆነው መሮው የተሳለ ሲሆን ነው። የተሳለ መሮ የእንጨቱን ክር ቆርጦ የሚያብረቀርቅ ፊት ይተዋል። የደነዘ መሮ ግን ይጨፈልቀዋል፤ ሠራተኛው ይበልጥ በመታ ቁጥር ጥፋቱ ይበልጥ ይሰፋል። አባባ መሮ በድንጋይ ሲስሉ ሸዳድ ኢብን አውስ (ረ.ዐ.) ያስተላለፉትን ሐዲስ ያነሱልኝ ነበር። አላህ (ሱ.ወ.) በማንኛውም ነገር ላይ ኢሕሳንን መደንገጉን ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ከገለጹ በኋላ የሚያርድ ሰው ቢላዋውን እንዲስል አዝዘዋል። «ለሚታረድ በግ ይህን ያህል ከታዘዝን፣ ሰው ገንዘቡን ለከፈለበት እንጨት እንዴት አንስልም?» ይሉ ነበር።

ውድ አንባቢያን፣ ይህን ሁሉ አውቄ ነው ያጠፋሁት።

አንድ ቀን ከዳባት አካባቢ ደጋ አንድ ሼኽ መጡ። በመንደራቸው ለሚያቀሯቸው ሕፃናት ሙስሐፎች ማስቀመጫ ሣጥን ፈልገው ነበር። ገንዘቡ ከጀመዓው በጥቂት በጥቂቱ የተዋጣ መሆኑ ከብሮቹ መድቀቅ ይታወቅ ነበር። ረመዷን ሳይገባ እንዲደርስላቸው ለመኑን። አባባ ሥራውን ለእኔ ሰጡኝ። ዓይናቸው ደክሞ ስለነበር በዚያን ጊዜ ሥራ የሚያዩት በጣታቸው ነበር።

ሦስቱን ማዕዘን በደህና ጨረስኩ። አራተኛው ላይ መሮው ከጉጥ ጋር ተጋጨና ስለቱ ተሸረፈ። የተሸረፈ ስለት በድንጋይ መልሶ ለማውጣት አንድ ሰዓት ይፈጃል። ሼኹ ቅዳሜ ገበያ ውለው ሣጥኑን ይዘው ይመለሳሉ ተብያለሁ፤ የቀረኝ ጊዜ ጥቂት ነው። ቸኮልኩና በተሸረፈው መሮ ቆረጥኩ። መስመሩ ተጨፈለቀ፤ ሁለት ጥርሶች ከሥራቸው ተላጡ። ስገጥማቸው የጥፍር ውፍረት የሚያህል ክፍተት ቀረ። በክፍተቱ ብርሃን ይታይ ነበር።

ምን አደረግሁ? ሰጋቱራ በኮላ ለወስኩና በክፍተቱ ጠቀጠቅሁት። ሲደርቅ በብርጭቆ ወረቀት አሸሁት፤ ቫርኒሽም ቀባሁት። ስጨርስ አራተኛው ማዕዘን ከሦስቱ ይልቅ ያማረ መሰለ። አባባ ከዐስር ሶላት ሲመለሱ በደረቀው ቫርኒሽ ላይ ጣቶቻቸውን በአራቱም ማዕዘን አሳለፉ። ከዚያም ወደ እኔ ዞረው «ልጄ፣ ገጥሟል?» አሉኝ።

«ገጥሟል፣ አባባ።»

«አላህ ይባርክህ» አሉኝ። ሼኹም ሣጥኑን ሳይገለብጡት ወሰዱት። የአባባ ሥራ ነዋ!

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በገበያ በአንድ የእህል ክምር አጠገብ ሲያልፉ እጃቸውን ወደ ውስጥ ሰደው እርጥበት እንዳገኙ፣ ባለ እህሉ ዝናብ መትቶት ነው ባላቸው ጊዜም እርጥቡን ሰው እንዲያየው ለምን ከላይ እንዳላደረገው ጠይቀው ከአታላዮች እንዳስጠነቀቁ ኢማም ሙስሊም ዘግበዋል። ይህን ሐዲስ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። በዚያን ቀን ግን ሐዲሱ ለእህል ነጋዴ ብቻ የተነገረ ይመስል ነበር። የኔ እርጥብ እህል በቫርኒሽ ሥር ተኝቶ ነበር።

ከዚያ በኋላ ሦስት ዓመት አለፈ። በመካከሉ አባባ ወደ አኺራ ሄዱ፤ አላህ ይዘንላቸው። ቤተሰቦቻቸው ያን መሮ ለእኔ ሰጡኝ። በሦስተኛው ዓመት በጋ በር ለመትከል ወደ ዳባት ተጠራሁ። ከጎንደር 75 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ መኪናው ወለቃን አልፎ በአምባ ጊዮርጊስ በኩል ሽቅብ ይወጣል። ሥራዬን ስጨርስ የሼኹ መንደር ቅርብ መሆኑን ሰማሁና ልጠይቃቸው ሄድኩ። እውነቱን ልናገርና ሣጥኑን ማየት ፈልጌ ነበር።

ሣጥኑ በመስጂዱ ጥግ ተቀምጧል። አራተኛው ማዕዘን በገመድ ታስሯል። የደፈንኩት ሰጋቱራ ረግፎ ክፍተቱ ጣት ያስገባል። ከክፍተቱ አቧራ እየገባ የሙስሐፎቹን ጠርዝ አልብሷቸዋል። ሼኹ ዓይኔን ተከትለው ሣጥኑን አዩና በርኅራኄ ድምፅ እንዲህ አሉኝ፦ «እኒያ አዛውንት በመጨረሻው እጃቸው ደክሞ ኖሯል። ምን ይደረግ፣ ሰው ያረጃል። ለጀመዓውም አትቀየሟቸው ብያለሁ። አላህ ይዘንላቸው።»

ውድ አንባቢያን፣ ቢሰድቧቸው ይሻለኝ ነበር። ያ ወለቃ የነበረ ቀጥቃጭ አገር ጥሎ ቢሄድም መሮው ስለ እርሱ በጎ ይመሰክራል። አባባ በቀብራቸው ሆነው ሳለ የኔ ሥራ በሐሰት ይመሰክርባቸዋል። ዕድሜ ልካቸውን የጠበቁትን ስም እኔ በአንድ እፍኝ ሰጋቱራ አጉድፌዋለሁ። እኔን የሚጠረጥር ሰው ደግሞ የለም። ዝም ብል ማንም አያውቅም።

ዙህር ሰገድን። በሶላቱ ውስጥ ሆኜ ስለ ምን እንደማስብ አላህ ያውቃል። ሰው ሲበተን ከሼኹ አጠገብ ቁጭ አልኩና መሮው እንዴት እንደተሸረፈ፣ በምን እንደደፈንኩት፣ አባባ ምን ብለው እንደጠየቁኝ፣ ምን ብዬ እንደመለስኩላቸው ሁሉንም ነገርኳቸው። ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ሙስቢሓቸው እጃቸው ላይ ቆመ። በመጨረሻም «መሮህን ይዘኸዋል?» አሉኝ።

«ይዤዋለሁ።»

«እንግዲያው ሣጥኑን አንተ ጠግን። ወሬውን እኔ እጠግናለሁ፤ የነዛሁት እኔ ነኝና። በመጪው ጁሙዓ ለጀመዓው እናገራለሁ፤ አንተም ከፊት ሰፍ ትቀመጣለህ።»

ሙስሐፎቹን አውጥተን በንጹሕ ነጠላ ጠቀለልናቸው። ሣጥኑን ፈታሁት። የተበላሸ ጥርስ መልሶ አይበቅልም። ያለው መንገድ ጫፉን ቆርጦ ጥሎ ከደህናው እንጨት ላይ አዲስ ጥርስ ማውጣት ነው። ጣውላው ሁለት ሳንቲ ሜትር ውፍረት ስለነበረው፣ አራቱም ጣውላዎች በአንድ ጫፋቸው ሁለት ሁለት ሳንቲ ሜትር አጡ። ሣጥኑ አራት ማዕዘን እንዲሆን በሰያፍ ፊት ለፊቱ ያለውን ደህናውን ማዕዘንም መቁረጥ ግድ ሆነብኝ። የአንዱ ማዕዘን ጥፋት ሌላውንም አስቆረጠ። መሮውን ከመጀመሬ በፊት በድንጋይ ሳልኩት፤ ከየሁለት ጥርሱ በኋላም እንደገና ሳልኩት። ሕፃናቱ ሉሓቸውን እንደያዙ ከበውኝ ያዩ ነበር። በሦስተኛው ቀን ጣውላዎቹን አንድ ጊዜ ብቻ መታ መታ አድርጌ ገጠምኳቸው፤ ደጋግሞ ማስገባትና ማውጣት ጥርሱን ያላላዋልና። ከልጆቹ አንዱን ጠርቼ በማዕዘኑ ብርሃን ያይ እንደሆነ ጠየቅሁት። ዓይኑን አስጠግቶ ቆየና «አይታየኝም» አለኝ።

በጁሙዓው ሼኹ ቃላቸውን ጠበቁ። ከፊት ሰፍ ተቀምጬ ሰማሁ። አንገቴን መድፋቴን አልደብቃችሁም። ሆኖም ከመስጂዱ ስወጣ አንድ ሽማግሌ እጄን ይዘው «ስለ አዛውንቱ እንዲህ በመሆኑ ደስ ብሎኛል። አያቴንም የቀበርነው በእሳቸው ቃሬዛ ነበር፤ እስከ ዛሬ አልተነቃነቀም» አሉኝ። የአባባ ስም ወደ ቦታው ተመለሰ።

ሣጥኑ ግን አነሰ። ከሙስሐፎቹ መካከል ትልቁ አልገባም አለ። ሼኹ ምንም አላሉኝም፤ እኔ ግን አየሁት። ጎንደር እንደተመለስኩ ከአንድ ወጥ የዋንዛ ጣውላ መሐሉ እንደ ጣት ተጠላልፎ የሚዘረጋና የሚታጠፍ ረሕል ፈልፍዬ ላክሁላቸው። ትልቁ ሙስሐፍ አሁን የሚቀመጠው በእርሱ ላይ ነው። ተውበት በደልን እንደሚያስምር ተስፋ አለኝ፤ የተቆረጠው ሁለት ሳንቲ ሜትር ግን እንደተቆረጠ ቀርቷል።

ውድ አንባቢያን፣ እያንዳንዳችን የምንሠራው ሥራ አለን። መምህሩ ያልገባውን ተማሪ ገብቶታል ብሎ ያሳልፋል። ነጋዴው ደህናውን ከላይ ያደርጋል። የቢሮ ሠራተኛው ያላየውን ፋይል አይቻለሁ ብሎ ይፈርማል። ሁላችንም የራሳችን ሰጋቱራና የራሳችን ቫርኒሽ አለን። እኔ ሦስት ማዕዘን በትክክል ሠርቼ ነበር፤ ሣጥኑ የተከፈተው በአራተኛው ነው። ክረምትና በጋ መፈራረቃቸው አይቀርም፤ የደፈንነውም መርገፉ አይቀርም። የሚረግፈው እኛ በሕይወት ሳለን ከሆነ ግን አላህ ዕድል ሰጥቶናል ማለት ነውና መሮአችንን ይዘን እንመለስ።

አላህ (ሱ.ወ.) ሥራችንን የተስተካከለ፣ ሪዝቃችንን ሐላል ያድርግልን። ያስተማሩንን ይማርልን፤ በስማቸው ላይ ያጎደልነውንም ሳንሞት የምናስተካክል ያድርገን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።